እንኳን ማርያም ማረችሽ፦ ከኮላ ድባ የሚነሣ የወሊድ ታሪክ

ጎንደር ውስጥ አራስ ሊጠይቅ የገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። ቃሉ ደስታም ፍርሃትም አለበት። ከምጥ ያልተመለሱት ብዙ ስለነበሩ፣ የተመለሰችው «ተማረች» ተባለች።

ኮላ ድባ ከጣና በስተሰሜን የተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1953 በዚህ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፈጀ። ወባ ደግሞ በነፍሰ ጡር ላይ ይከፋል፤ ደሟን ያመነምናል፣ በወሊድ ጊዜ የሚፈሰውን ደም መቋቋም ያቅታታል። በማግስቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒቴሪያን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ላከ፤ የኮላ ድባ ጤና ጣቢያም ከመለማመጃዎቹ አንዱ ሆነ። የእርጉዝ ክትትልና የማዋለድ ሥራ የነርሷ ድርሻ ነበር።

ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተካሄዱት 5 ገደማ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ለምን?

ብዙ ባለሥልጣን «ኋላ ቀርነት ነው» ብሎ አለፈው። የሴቶቹ ምክንያት ግን መንገዱና ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ቤቷ ያማጠች ሴት እናቷ ወገቧን ይዛላት፣ ጎረቤት «ማርያም፣ ማርያም» እያለላት፣ ሲያሻት ተንበርክካ፣ ሲያሻት ቆማ ትወልዳለች። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ቤተሰብ ውጭ ይቀራል፤ እሷ ብቻዋን በጀርባዋ ትተኛለች። አምስት የወለደችን እናት ገና ያልወለደች ባለሙያ ስትቆጣት፣ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት ትዝ ይላል።

ይህ ሲባል ቤት መውለድ ደኅና ነበር ማለት አይደለም። ደም ሲፈስ ወይም ምጥ ሲጠና የእናት እጅና ጸሎት ብቻውን አያድንም። በዚያው ጥናት ከ100 ሺህ በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር።

ለውጡ የመጣው ሁለቱ መቀራረብ ሲጀምሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ የአካባቢው ልጆች፣ በየቀበሌው ተመደቡ። ቀጥሎ አምቡላንስ፣ ነፃ ወሊድና የእናቶች ማቆያ ቤት መጡ፤ በብዙ ጤና ጣቢያዎችም ቡና ይፈላ፣ ገንፎ ይገነፋ ጀመር። በተቋም መውለድ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 በመቶ ወጣ፤ የእናቶች ሞትም በ2016 ወደ 412 ወረደ። በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ወላድ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ በፈቀደችው አኳኋን እንድታምጥ፣ ጤናማ ከሆነችም እንድትበላና እንድትጠጣ መከረ። የጎንደር ባልቴቶች ይህን ለመስማት ጄኔቫን መጠበቅ አላስፈለጋቸውም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን በአማራ ክልል ጦርነት አለ። መንገድ ሲዘጋ አምቡላንስ አይደርስም፤ መድኃኒት ሲያልቅ አዋላጅ ነርስ እጇ ባዶ ነው። ዛሬ ቤቷ የምትወልደው ሴት ሁሉ ወዳ አይደለም። ይህንንም «ልማድ ነው» ብሎ ማለፍ የቀድሞውን ስሕተት መድገም ነው። ወላድ የሚያስፈልጋት የሚያባብላትም፣ ደሟን የሚያቆምላትም እጅ ነው፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን እንድትተው ልትገደድ አይገባም።