ዛው (የእንግሊዝኛ ቃል)

ዛው በቀድሞ እንግሊዝኛ የሁለተኛ መደብ ነጠላ ተውላጠ ስም ሲሆን ትርጉሙ «አንተ» ወይም «አንቺ» ነው፤ ጾታ አይለይም። ተሳቢው ዚ፣ አገናዛቢው ዛይ ወይም ዛይን ነው። ዛሬ ከጸሎት፣ ከቆዩ ግጥሞችና ከአንዳንድ የሰሜን እንግሊዝ ቀበልኛዎች በቀር ብዙም አይሰማም። በቦታው የገባው ዩ ለአንድም ለብዙም ሰው ያገለግላል።

አጠቃቀም

በመጀመሪያ ልዩነቱ የቁጥር ብቻ ነበር፤ ዛው ለአንድ ሰው፣ ዪ እና ተሳቢው ዩ ለብዙ ሰዎች ይነገሩ ነበር። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በፈረንሳይኛ ተጽዕኖ ታላቅን ሰው በብዙ ቁጥር መጥራት ተለመደ። በአማርኛም «እርስዎ መጡ» ሲባል ግሡ የብዙ ቁጥር መልክ ይይዛል። ዛው ለልጅ፣ ለሎሌና ለቅርብ ወዳጅ ቀረ፤ ለሌላ ሰው ሲነገር እንደ ንቀት ይቆጠር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1603 ሰር ዎልተር ራሊ በአገር ክህደት ተከሶ ሲቀርብ ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኮክ ሆን ብሎ በዛው እየጠራ ሰድቦታል። በሼክስፒር «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» ተውኔትም አንድ ገጸ ባሕርይ ጓደኛውን ባላንጣህን በደብዳቤ ደጋግመህ ዛው በለው ብሎ ይመክረዋል።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ክዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ነው በማለት ዳኛውንም ባለጸጋውንም ዛው ይሉ ነበር። ይህም ለስድብና ለድብደባ ዳርጓቸዋል።

የዛሬ አንባቢና ቃሉ

እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ዛውን የተጠቀመው የዕብራይስጡንና የግሪኩን ነጠላ ቁጥር ከብዙው ለመለየት ነው። ስለዚህ እግዚአብሔርም፣ ንጉሥም፣ ባሪያም፣ ሰይጣንም በዚሁ ቃል ይጠራሉ። ቃሉ ከዕለት ንግግር ከወጣ በኋላ ግን በብዛት የሚሰማው በጸሎትና በመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ በመሆኑ ብዙዎች የአክብሮት ቃል ይመስላቸዋል። እውነታው ተቃራኒው ነው፤ በአማርኛ ጸሎት እግዚአብሔር «አንተ» እንጂ «እርስዎ» እንደማይባል ሁሉ፣ ዛውም የቅርበት ቃል ነበር። የቆየ ተውኔት የሚያነብ ተማሪ ተናጋሪው ከዩ ወደ ዛው ሲሸጋገር ልብ ቢል ፍቅር፣ ቁጣ ወይም ንቀት የጀመረበትን ቦታ ሊያገኝ ይችላል።