የጉለሌ እድርና የማይከፈለው ንብረት

ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ጴጥሮስ ወጳውሎስ መካነ መቃብር ድረስ ባለው በጉለሌ ምድር የሰፈሩት ቀደምት የከተማ ነዋሪዎች ብዙዎቹ፣ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ በዘር ቆጠራ እየተሸነሸነ ከማሳነት ወደ ትልምነት ሊወርድ የተቃረበውን ርስት ለወንድሞቻቸው ለቀው፣ ወይም ከእነጭራሹ ርስት ሳይኖራቸው የመጡ ስለ ነበሩ፣ በከተማ የሚካፈሉት ሀብት አልነበራቸውም። የማይካፈሉትን ግን በገዛ እጃቸው አበጁ፤ እርሱም እድር ነው።

ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላ ከተማው ወደ ታች ሲሰፋ፣ ተራራው ሥር ከየአውራጃው የመጣ ሕዝብ ተከማቸ፤ ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎችም በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ጉድጓዳቸውን ቆፍረው ሸማቸውን ዘረጉ። እነዚህ ሸማኔዎች በአገራቸው ዱቡሻ የሚባል የሸንጎ ሜዳ አላቸው፤ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት፣ እርቅ የሚያወርዱበት፣ ማንም ከልሎ የእኔ የማይለው ቦታ ነው። ሁሉም የሚገለገልበት፣ አንድም ሰው ድርሻዬን ልውሰድ የማይልበት ነገር መኖሩ ስለዚህ ለእነርሱ አዲስ ትምህርት አልነበረም።

በባላገር ሰው ቢሞት ዘመድ አዝማድ ተጠራርቶ ይቀብረዋል፤ በከተማ ግን ጎረቤቱ ከወሎ፣ ባለ ግቢው ከሸዋ፣ የሥራ ባልደረባው ከጋሞ ስለ ሆነ፣ ሬሳው ሜዳ ላይ እንዳይቀር መማማል ግድ ሆነ። እድር በተለይ ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ የተስፋፋው ከዚህ ችግር የተነሣ ነው። አባሉ በየወሩ መዋጮውን ይከፍላል፤ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ይመረጣሉ፤ ጥሩንባ ነፊው በማለዳ ሰፈሩን እየዞረ የሟቹን ስም ይናገራል። ወዲያው ዕቃ ቤቱ ይከፈትና ድንኳኑ ይወጣል፤ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ የተቆረጠው ምሰሶ ይቆማል፣ ካስማው ይመታል፣ ገመዱ ይወጠራል። ከአግዳሚው ወንበር ሥር የእድሩ ስም በቀለም ተጽፏል፤ የብረት ሳህኑም ምልክት አለው፤ ኀዘኑ ሲያልፍ እየተቈጠረ ይመለሳልና። ባለጠጋውም ድሀውም በዚያው ድንኳን ይለቀስለታል፤ ይህን ሥርዓት ካቆሙት ሰዎች ጥበብ ሁሉ እጅግ የማደንቀው ይኸንን ነው።

እቁብ ሌላ ነው፤ የእቁብ ገንዘብ የሚሰበሰበው ለባለ ዕጣው ሊሰጥ፣ በየተራውም ለሁሉ ሊዳረስ ነው። የእድር ዕቃ ግን ለማንም አይደርስም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋራ ባለሀብት የሆነ ሰው ድርሻው እንዲለይለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ላይ የሚካሰሱትም በዚሁ ነው። ከእድር የወጣ ሰው ግን የድንኳኑን ሸራ ቀዳችሁ ስጡኝ ቢል ሰፈሩ ሁሉ ይታዘበዋል። ሸራው ሙሉ ሲሆን ለቀስተኛን ከዝናብና ከፀሐይ ያስጠልላል፤ ሲቀደድ ለአንዱም ለሌላውም አይሆንም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ባለ ቤቱም ተከራዩም የቀበሌ ሰው ሆነ፤ የእድሩ ጥሩንባ ግን መነፋቱን አላቋረጠም። ዛሬ የሚያሰጋው መልሶ ማልማት ነው፤ ሰፈር ሲነሣ አባላቱ ወደ ልዩ ልዩ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ይበተናሉ፤ ብዙዎች ሁለት ታክሲ እየያዙ ለቀብር ወደ ቀድሞው እድራቸው ቢመለሱም፣ ድንኳኑ ተሸጦ ዋጋው ይከፋፈል የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም።

የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች ሆይ፣ ሰፈሩ ሳይነሣ አስቀድማችሁ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ጻፉት፤ እድሩ ቢፈርስ ንብረቱ ለሌላ እድር ይተላለፍ እንጂ ለአባላት አይከፋፈል።