ቁልቁል የወረዱና ማዶ የተሻገሩ፦ የዓባይ የውኃ ጉዞ ታሪክ



ከአቀስታ ተነሥቶ በመካነ ሰላም በኩል ወደ ምዕራብ የሄደ ሰው ደጋው ተቆርጦ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ያያል፤ ማዶው ጎጃም ነው። የቦረና ሰው ለዚህ ወንዝ ያለው ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ «እንዴት ይሻገሩታል?» የሚል ነው። ስለ ዓባይ የተጻፉትን የጉዞ መጻሕፍት የመረመረ ግን በአብዛኛው የሚያገኘው ሌላ ጥያቄ ነው፦ «እንዴት ቁልቁል ይወርዱታል?» ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ የዓባይ የውኃ ጉዞ ታሪክ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ሲጻፍ ዋነኞቹ ተጓዦች ከታሪኩ ውጪ ይቀራሉ የሚል ነው።

በአንዳንድ አገሮች ደሴትና የደን ወንዝ በአንድ መርከብ ይጎበኛሉ። በብራዚል የውቅያኖስ መርከብ በአማዞን ወንዝ ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ዘልቆ ማናውስ ይደርሳል። እኛም ደሴትና ወንዝ አለን። በጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ናርጋ ሥላሴ አሉ፤ በዳርቻውም የዘጌ የቡና ደን አለ። መነኮሳትና ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳ ሐይቁን ሲመላለሱበት ኖረዋል። ነገር ግን ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይወድቃል፤ ከዚያም በታች ወደ ጥልቅ ሸለቆ ይገባል። ታንኳው የሐይቅ ነው፤ ሸለቆው ግን ታንኳ አይቀበልም።

ይህን ለመቀበል ያልፈለጉ ብዙዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካዊው ባለጸጋ ማክሚላን የብረት ጀልባዎች አስመጥቶ ሸለቆውን ለመውረድ ሞከረ፤ ጀልባዎቹ ብዙም ሳይጓዙ ተሰባበሩ። ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ጀልባውን ትቶ በበቅሎና በእግር የወንዙን አካሄድ አጠና። በ1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ የመጣው፣ በብላሽፎርድ ስኔል የተመራው ቡድን በጀልባ ወረደ፤ ከአባላቱም አንዱ ሰጥሞ ሞተ። ከምንጩ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር የተደረገው የስካቱሮና የብራውን ጉዞ በ114 ቀናት የተፈጸመው በ2004 ነው።

እነዚህ ሰዎች ደፋሮች ነበሩ፤ የጻፉትም ይጠቅመናል። ነገር ግን ከእነርሱ በፊት ወንዙ ሰው አልባ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከእናርያና ከጉዱሩ ቡና ይዞ ወደ ጎጃሙ የባሶ ገበያ የሚመጣ፣ አሞሌ ጨው ጭኖም የሚመለስ ነጋዴ ዓባይን መሻገር ነበረበት። ድልድይ በሌለበት ዋናተኞች ዕቃውን በተነፋ ቆዳ አንሳፍፈው ያሻግሩ ነበር። ክረምት ሲገባ መሻገሪያው ይዘጋል፤ ገበያው፣ ሰርጉ፣ ለቅሶውም ሳይቀር ከወንዙ ሙላት ጋር ይቆጠራል። የአንዱን ፈረንጅ መስጠም የሚመዘግብ መጽሐፍ አለ፤ በየመሻገሪያው ውኃ የወሰዳቸውን ግን ማን መዘገባቸው?

ሁለቱ ታሪኮች የተገናኙበት አንድ ቦታ አለ። በጎንደር ዘመን የተሠራውና ጎጃምን ከቤጌምድር ያገናኝ የነበረው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተቆርጦ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ በኋላ መንገደኛው በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። ይህንን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ወንዙን ቁልቁል ከወረደ ጉዞ ተገኝቶ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ታተመ፤ ያንን ያየ አንድ አሜሪካዊም ድልድዩን ለማስጠገን ተነሣ። እንግዲህ ወራጁ ቀና ብሎ ተሻጋሪውን ባየ ጊዜ ከጉዞው የሚተርፍ ነገር ተገኘ ማለት ነው።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው ንጋት ሐይቅ በሞቃቱ ቆላ ተኝቷል፤ የኮረብታዎቹ ራስም ደሴት ሆኗል። የቀድሞ ተጓዦች ያጡትን፣ በደሴቶች መካከል በጀልባ መንሸራሸርን፣ የዓባይ የታችኛው ክፍል ዛሬ ሊሰጥ ይችላል። ጎብኚው ደሴት ብሎ የሚያየው ግን ትናንት ሰው የወጣበት ኮረብታ ነው፤ ከውኃው በታችም መንገድና መሻገሪያ አለ።

ስለዚህ ለእናንተ ለተማሪዎች የምተወው ሥራ ይህ ነው። የወረዱት ታሪካቸውን ራሳቸው ጽፈዋል። የተሻገሩት ታሪክ በቦረና፣ በወግዲ፣ በጎጃም ማዶና በቤኒሻንጉል ቆላ ባሉ አረጋውያን አንደበት ይገኛል። መሻገሪያውን በስሙ፣ አሻጋሪውን በሙያው፣ ውኃ የወሰደውንም በዘመዶቹ ቃል መዝግቡ። ድልድይ በተሠራ ቁጥር መሻገሪያው ይረሳል፤ አረጋውያኑም አይጠብቁንም።