ከሃይፋ የተነሣው ጊታር ተጫዋች

ውድ ወላጆች፦ ልጆቻችሁ የሚያዳምጡት «ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ» የተባለው የአሜሪካ ባንድ ከምንኖርበት አገር ጋር የሚያገናኘው ታሪክ አለው።

ከመሥራቾቹ አንዱ ሂሌል ስሎቫክ እ.ኤ.አ. በ1962 በሃይፋ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ። በሎስ አንጀለስ የትምህርት ቤት ጓደኛውን ፍሊን ቤዝ ጊታር ያስጀመረው እርሱ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከአንቶኒ ኪዲስ ጋር ሆነው ባንዱን አቋቋሙ።

በ1988 ግን ሂሌልን ሄሮይን በ26 ዓመቱ ቀጠፈው፤ ከበሮ መቺውም በሐዘን ባንዱን ተወ። የቀሩት ሁለቱ አዳዲስ ተጫዋቾች ጨምረው ቀጠሉ፤ በ1991 ባወጡት አልበም ዓለም አወቃቸው። የ2011 አልበማቸውም «ኢትዮጵያ» የሚል ዘፈን አለው። በ2012 በሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ሲመዘገቡ፣ የሂሌልን ክብር የተቀበለው ወንድሙ ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ ሙዚቃ ጠላታችሁ አይደለም። ልጃችሁ ሲርቃችሁና ሲደበቃችሁ ግን ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ ቀርባችሁ ጠይቁት።