የማታ ድግስና የፎቶግራፍ ብልጭታ

በ1963 በገና ሌሊት (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ፣ በሐፒ ክለብ የዳንስ ምሽት ላይ አንድ ወጣትና አንዲት ልጃገረድ ሲደንሱ ፎቶግራፍ ተነሡ። ወጣቱ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ልጅቱ ባዶ እግሯን ናት። ግንባራቸው ሊነካካ ጥቂት ቀርቶት፣ ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ መሬት ጥለው እርምጃቸውን ይከታተላሉ። ወንድምና እህት መሆናቸውን ፎቶግራፉን ያነሣው ማሊክ ሲዲቤ ተናግሯል። ከካሜራው በኩል የበራው ብልጭታ ሁለቱን ከጨለማው ነጥሎ አወጣቸው፤ ጨለማውን ግን አላባረረውም።

በማታ፣ ከቤት ውጭ የሚደረግን ሠርግ ወይም ድግስ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚነሣ ባለሙያ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ጋር መፋጠጡ አይቀርም። ብርሃን ሲያንስ ፊት አይታይም፤ ሲበዛ ደግሞ የምሽቱ መልክ ይጠፋል። ስለዚህ የብልጭታ መሣሪያ ምርጫ ታሪክ፣ በመሠረቱ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ለጨለማ ምን ያህል ቦታ እንደሚተውና ለሰዎቹ ምን ያህል እንደሚቀርብ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

በመጀመሪያ መቅረብ የሚባል ነገር አልነበረም። በ1887 ሁለት ጀርመናውያን፣ አዶልፍ ሚተና ዮሐንስ ጌዲከ፣ ማግኒዚየምን ከሌሎች ተቀጣጣይ ቅመሞች ጋር ቀላቅለው የብልጭታ ዱቄት አወጡ። ዱቄቱ ሲለኮስ እንደ ባሩድ ይጮኻል፤ ነጭ ጢስም ይተፋል። ጃኮብ ሪስ የኒው ዮርክን ድሆች የሌሊት ኑሮ ለማሳየት በዚህ ዱቄት ሲጠቀም ቤት እስከ ማቃጠል ደርሶ ነበር። በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝብ ያላየውን ችግር ገሃድ ማውጣቱ የታወቀ ነው። ሆኖም ሰዎቹ በድንገት ተይዘው በድንጋጤ ዓይናቸውን ያፈጠጡባቸው ሥዕሎች አሉ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሙሽራና ሙሽሪት ፊት የሚቀርብ አልነበረም ማለት ይቻላል።

በ1929 በጀርመን ለገበያ የቀረበው የብልጭታ አምፖል ግን ጢሱንም ጩኸቱንም አስቀረ። በመስተዋቱ ውስጥ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠልና ኦክሲጂን ታሽጓል፤ በትንሽ የባትሪ ድንጋይ ይቀጣጠላል። ኃይሉ ብዙ፣ ዕድሜው ግን የአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ከእያንዳንዱ ሥዕል በኋላ የጋለውን አምፖል አውጥቶ ሌላ መሰካት ነበረበት። ኪሱ ውስጥ የቀሩትን አምፖሎች እየቆጠረ የሚያነሣ ሰው ሙሽሪት እስክትስቅ ይጠብቃል እንጂ እንዲሁ አያባክንም። ይህ ቁጥብነት ለሥራው ጥራት ሳይረዳ አልቀረም።

ከ1931 ጀምሮ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሃሮልድ ኤጀርተን ያዳበረው የኤሌክትሮኒክ ብልጭታ በበኩሉ ደጋግሞ ይበራል። ብርሃኑም ከሰከንድ አንድ ሺኛ ላነሰ ጊዜ ስለሚቆይ ዳንሰኛውን ከነእርምጃው ያቆመዋል። ለእጅ የሚመቹት ትንንሾቹ ግን ለረጅም ጊዜ በኃይል ከትልልቅ አምፖሎች ያንሱ ነበር። ኦ. ዊንስተን ሊንክ ከ1955 እስከ 1960 የአሜሪካን የእንፋሎት ባቡሮች በሌሊት ሲያነሣ፣ ሜዳውን በሽቦ በተያያዙ ብዙ አምፖሎች ያስከበበው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሜዳ ላይ ብርሃን ይባክናልና። በአዳራሽ ውስጥ ብልጭታውን ወደ ጣሪያ አዙሮ ለስላሳ ብርሃን ማግኘት ይቻላል፤ ከቤት ውጭ ጣሪያው ሰማይ ነው። ነጭ የሸራ ድንኳን ካለ ዕድል ነው። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። በሦስት ሜትር ላይ የቆመችው ሙሽሪት ነጭ ቀሚሷ ሲነድ፣ በስድስት ሜትር ላይ ያሉት ሚዜዎች ጥላ የሚሆኑት ለዚህ ነው። የመሣሪያው አቅም መለኪያ ቁጥር 28 ቢሆን፣ ለአምስት ሜትር የሌንሱ ቀዳዳ 5.6፣ ለአሥር ሜትር 2.8 ይሆናል ማለት ነው። ይህ ስሌት ግን የግድግዳንና የጣሪያን ነጸብራቅ ታሳቢ ያደረገ በመሆኑ፣ ልምድ ያለው ባለሙያ በሜዳ ላይ ቀዳዳውን አንድ ደረጃ ይከፍታል። የሚዜዎቹን ፊት ለማትረፍ ሁለተኛ ብልጭታ ከጎን የሚያቆምም አለ። የተሰቀሉት አምፖሎች ብርሃን እንዲታይ የሚፈልግ ደግሞ መዝጊያውን ለሰከንድ አንድ ስምንተኛ ያህል ክፍት ይተወዋል፤ ብልጭታው ፊቱን ይይዛል፣ የቀረው ጊዜ ምሽቱን ይቀዳል።

እንግዲህ የባማኮው ሰው ምርጫ በዚህ መካከል ይታያል። ከእርሱ በፊት ታላቅ ስም ያተረፈው ሴዱ ኬታ ከ1948 ጀምሮ በትልቅ ካሜራ፣ ባብዛኛው በቀን ብርሃን፣ ደንበኞቹን ከጨርቅ መጋረጃ ፊት እያስቀመጠ ያነሣ ነበር። ሰው ወደ ካሜራው ይመጣል። ሲዲቤ ግን በ1956 የገዛው የመጀመሪያ ካሜራው ብራውኒ ፍላሽ የተባለ ቀላል የኮዳክ ሥራ ነበር፤ ከስሙ እንደሚታየው ብልጭታ የሚሰካበት ነው። እንዲህ ባለ ቀላል መሣሪያ ካሜራው ወደ ሰው ሄደ። ማሊ በ1960 ነጻነቷን ከተቀዳጀች በኋላ በነበሩት ዓመታት ሲዲቤ በአንድ ቅዳሜ ሌሊት ከአንዱ ድግስ ወደ ሌላው፣ ከሠርግ ወደ ዳንስ ይዘዋወር ነበር። ሊንክ ሌሊቱን ከውጭ ሆኖ እንደ ቲያትር መድረክ ሲያበራው፣ ሲዲቤ እንደ እንግዳ መሐሉ ገብቶ ቆመ። ከጀርባ ያለው ግድግዳና ወንበር በጨለማ መዋጡ በሥራው ላይ ጉድለት አልሆነበትም፤ ለዓይን የቀሩት ሰዎቹ ናቸውና።

በ2003 የሐሰልብላድን ሽልማት፣ በ2007 የቬኒስን ቢየናሌ የወርቅ አንበሳ የተቀበለው ይህ ሰው በ2016 አረፈ። ከድግስ ሲመለስ ፊልሙን በዚያው ሌሊት ያጥብ ነበር። ትንንሽ ኅትመቶችን ቁጥር ሰጥቶ በካርቶን ላይ ይለጥፋቸዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የባማኮ ወጣቶች በባጋዳጂ ሠፈር ወዳለው ስቱዲዮው እየመጡ፣ በካርቶኑ ላይ አጎንብሰው ራሳቸውን ይፈልጉ ነበር።