ጽርእን ለመማር ማን ይከፍላል? የግሪክ ታሪክ ከፍተኛ ትምህርት ከካርቲየ 4 ሲታይ

በጅቡቲ ከተማ በቁጥር ከተሰየሙት ነባር ሰፈሮች አንዱ ካርቲየ 4 ነው። በዚህ ሰፈር የሚያድግ ልጅ በቤቱ ሶማሊኛ ወይም አፋርኛ፣ ከየመን ወገን ከሆኑ ጎረቤቶቹ ዓረብኛ፣ በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ይሰማል፤ ከባቡሩና ከወደቡ ሥራ ጋር ከኖሩት ኢትዮጵያውያን ደግሞ አማርኛ ይለምዳል። ይህ ልጅ አድጎ የግሪክን ታሪክና አርኪዮሎጂ በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ደረጃ ውጭ አገር ልማር ቢል፣ ወጪውን የሚሸፍንለት ማን ነው? በምን መለኪያስ ይመዘናል? ጥያቄው ለአፍሪካ ቀንድ ቋንቋዎች ተመራማሪ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ግሪክኛ፣ የግእዝ ሊቃውንት ጽርእ የሚሉት ቋንቋ፣ በጅቡቲም በኢትዮጵያም የመደበኛ ትምህርት አካል አይደለም። ሆኖም የአካባቢው ጥንታዊ የጽሑፍ ማስረጃ ከፊሉ የተጻፈው በዚሁ ቋንቋ ስለሆነ፣ የትምህርቱ ወጪ ጉዳይ የቋንቋ ጥናቱም ጉዳይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማስረጃው ከካርቲየ 4 ሩቅ አይደለም። የግሪክ ጂኦግራፊ ጸሐፊው ስትራቦን፣ ከእርሱ ቀድሞ የነበረውን አርቴሚዶሮስን ጠቅሶ፣ በባብ ኤል መንደብ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ዴይሬ የሚባል ከተማ እንደነበረና በዙሪያው ዓሣ በል ሰዎች እንደሚኖሩ ይናገራል። ዴይሬ በግሪክኛ «አንገት» ማለት ነው። ሮማዊው ፕሊኒዮስ ደግሞ «በአንገቷ ላይ ያለችው ቤረኒኬ» የምትባል ከተማ ይጠቅሳል፤ ቤረኒኬ የጰጥሎማውያን ንግሥታት ስም ነው። ይህን አንገት ብዙዎች ዛሬ በኦቦክ ክልል ካለው ራስ ሲያን ጋር ያገናኙታል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስም ከመተላለፊያው ቀጥሎ አዋሊጤስ የሚባል ገበያ ያነሣል፤ ስፍራውን አብዛኞቹ ዘይላ ሲሉ ሌሎች ወደ ሰሜን ያስጠጉታል። እንግዲህ የግሪክ ታሪክ ሲባል የአቴናና የስፓርታ ጦርነት ብቻ ተደርጎ መወሰዱ ለዚህ ዳርቻ አይሠራም። ከጰጥሎማውያን ዘመን ጀምሮ ዝሆን አዳኝ፣ መርከበኛና ነጋዴ በግሪክኛ ስም እየሰጠና እየመዘገበ በዚህ ባሕር አልፏል።

ከሁሉ የሚበልጠው የአዱሊስ ጽሑፍ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ንጉሥ ካሌብ ወደ ደቡብ ዓረቢያ ሊዘምት ሲዘጋጅ፣ የአዱሊስ ገዥ በከተማው የቆመውን የግሪክኛ ጽሑፍ እንዲያስገለብጥ ታዘዘ። ሥራውን የሠሩት እስክንድራዊው ነጋዴ ኮስማስ እና ሜናስ የሚባል ጓደኛው ናቸው። ኮስማስ ሁለት ጽሑፎችን እንደ አንድ ቆጠረ፤ አንዱ የ3ኛው ጰጥሎሚዮስ (ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ246 እስከ 222 የነገሠው)፣ ሁለተኛው ስሙ የጠፋ የአክሱም ንጉሥ ነው። ድንጋዮቹ ዛሬ የሉም፤ የቀረው የኮስማስ ግልባጭ ብቻ ነው። በሁለተኛው ጽሑፍ ንጉሡ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ይዘረዝራል፤ ጋዜ፣ አጋሜ፣ አታጋው፣ ቤጋ፣ በረዶ የሸፈናቸው የሰሜን ተራሮች ሰዎች፣ ወደ ዕጣን አገር ያሉት ራውሶ ይገኙበታል። ለአካባቢው የሕዝብ ስሞች ከዚህ የሚቀድም ሰፊ ዝርዝር የለም ማለት ይቻላል። ጋዜን ከግእዝ፣ አታጋውን ከአገው ጋር ለማገናኘት ጆሮ ብቻ አይበቃም፤ የዚያ ዘመን ግሪክኛ የትኛውን ድምፅ በየትኛው ፊደል ይጽፍ እንደነበረ፣ የግልባጭ ስሕተትስ ወዴት እንደሚያዘነብል ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ በግሪክ ጽሑፎች ሙያ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው።

ተመሳሳይ ችግር በአክሱም ሳንቲሞች ላይ ይታያል። ንጉሥ ዔዛና በግእዝ ጽሑፉ ራሱን «ብእሰ ሐለን» ይላል፤ በግሪክኛ ሳንቲሙ ላይ ይኸው ማዕረግ «ቢሲ አሌኔ» ሆኖ ወጥቷል። ግሪክኛ ለ«ሐ» ፊደል ስለሌለው የጉሮሮው ድምፅ ጠፍቷል፤ በ«ብእሲ» መካከል ያለው «እ»ም እንዲሁ። እዚህ የግእዙ ጽሑፍ ስላለ ጉዳት የለውም። ሳንቲም በማስመታት የመጀመሪያው በሆነው በኤንዱቢስ ገንዘብ ላይ ግን የማዕረጉ ስም የተገኘው በዴልታ፣ በአልፋ፣ በኪ እና በኢፕሲሎን ብቻ ነው። ኪ በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገና ትንፋሻም «ክ» ነበረ ወይስ ወደ «ኀ» እየተለወጠ ነበረ? ኢፕሲሎንስ «ኡ» ነው ወይስ ከንፈርን አሞጥሙጦ የሚባል «ኢ»? መልሱ ስሙን ይለውጠዋል።

የግእዝ ሊቃውንትና የዘመኑ የቋንቋ ተመራማሪዎች ከዚህ ይበልጥ የሚያውቁት የተውሶ ቃላትን ነው። ግሪክኛ ፒ፣ ታው እና ካፓ ያለ ትንፋሽ ስለሚነገሩ የግእዝ ሰሚ እንደ ፈንጂ ድምፅ ሰምቷቸዋል፤ ጴጥሮስ፣ ጳጳስ፣ ዲያቆን፣ ጠረጴዛ የሚሉት ቃላት ምስክር ናቸው። ትንፋሻሞቹ ቴታ፣ ፊ እና ኪ ደግሞ በ«ተ»፣ በ«ፈ» እና በ«ከ» ተጻፉ፤ ቴዎፍሎስ፣ ክርስቶስ። ነገር ግን «ክርስቶስ» በታው ቦታ «ቶ» ሲይዝ፣ «ጰንጠቆስጤ» በዚያው ከ«ስ» በኋላ ባለ ቦታ «ጤ» ይዟል፤ «ጰራቅሊጦስ»ም «ጦ» አለው። ልዩነቱ የዘመን ነው? ቃሉ በቀጥታ ከጽርእ መጣ ወይስ በሌላ ቋንቋ በኩል አለፈ? የግእዝን ድምፅ ታሪክ የሚያጠና ሰው እዚህ ላይ ቆሞ ግሪክኛ የሚያውቅ ባልደረባ ይፈልጋል፤ ባልደረባው ብዙ ጊዜ ግእዝ አያውቅም። የግእዝ አኃዞችም ከግሪክ ፊደላት የተወሰዱ ናቸው፤ ፩ ከአልፋ፣ ፲ ከዮታ፣ ፻ ከሮ። የሰፈሩን ቁጥር በግእዝ አኃዝ ካርቲየ ፬ ብሎ የሚጽፍ ሰው ዴልታን ጻፈ ማለት ነው።

ይህን ትምህርት ለማግኘት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለኢትዮጵያውያን የተከፈተው ዋና በር የቤተ ክርስቲያን ነበር። ከአዲስ አበባው የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅና ከሌሎች መንፈሳዊ ትምህርት ቤቶች የወጡ ተማሪዎች በግሪክ መንግሥትና በግሪክ ቤተ ክርስቲያን ድጋፍ ወደ አቴናና ወደ ተሰሎንቄ የነገረ መለኮት ፋኩልቲዎች ሄደዋል፤ በቱርክ ደሴት ላይ ወዳለው የሃልኪ መንፈሳዊ ትምህርት ቤትም፣ በ1971 እስኪዘጋ ድረስ። የግሪክ መንግሥት የነፃ ትምህርት ተቋም የተመሠረተው በ1951 ነው። ምክንያቱ በጎ አድራጎት ብቻ አልነበረም። በ1965 የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ፤ ከ1964 እስከ 1971 ደግሞ የኬልቄዶንን ጉባኤ በሚቀበሉትና በማይቀበሉት ኦርቶዶክሳውያን መካከል በኦርሁስ፣ በብሪስቶል፣ በጄኔቭና በአዲስ አበባ ምክክር ተደረገ። ክርክሩ በ451 በተነሣው ጉዳይ ላይ ሲሆን የቆመው በጥቂት የግሪክኛ ቃላት ላይ ነው። ኢትዮጵያውያን አባቶች ቄርሎስን በግእዝ ትርጉም፣ ግሪኮቹ በዋናው ቋንቋ ይዘውት ሲነጋገሩ፣ ሁለቱንም የሚያነብ ሰው ማፍራት ለሁለቱም ወገን ይጠቅም ነበር።

የዚያ ዘመን ፍሬ ከነገረ መለኮት አልፏል። የአክሱም ሜትሮፖሊታን የነበሩት ግሪካዊው ሜቶዲዮስ ፉያስ በመሩት የኢትዮጵያና የግሪክ ጥናት ማኅበር ከ1970 ጀምሮ «አባ ሰላማ» የተሰኘ መጽሔት ወጣ። ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ኢትዮጵያ ከግሪክና ከሮማ ዓለም ጋር ስለነበራት ግንኙነት በቦን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን በጀርመንኛ አቀረቡ፤ በ1972 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት እስከ 1270 ያለው የኢትዮጵያ ታሪክም የግሪክኛና የላቲን ምንጮችን በሰፊው የተጠቀመ ነው። የእርሳቸው መንገድ ግን ጎዳና ሆኖ አልቀረም። ከ1974 በኋላ የነፃ ትምህርት ዕድል ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ዞረ፤ የሥላሴ ኮሌጅም ተዘግቶ የተከፈተው በ1990ዎቹ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ በር ከመጀመሪያውም ለሁሉ የተከፈተ አልነበረም፤ ለካህናትና ለወንዶች ያደላ ነበር። ለካርቲየ 4 ሙስሊም ልጅ፣ ወንድም ትሁን ሴት፣ ምንም አልነበረበትም።

ለጅቡቲ የቀረበው በር ሌላ ነው። ከባቡሩ ጋር የመጡ ግሪኮች ነበሩ፤ ሐዲዱ ከ1897 ጀምሮ ተዘርግቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የግሪክ ሠራተኛና ነጋዴም በመስመሩ ተከተለ። እነርሱ ግን ሱቅና ወፍጮ እንጂ የታሪክ ትምህርት ለማቆም አልመጡም። የሚቆጠረው የፈረንሳይኛው መንገድ ነው። የአቴና የፈረንሳይ ትምህርት ቤት የተመሠረተው በ1846 ሲሆን በከተማዋ ካሉት የውጭ የአርኪዮሎጂ ተቋማት ሁሉ ቀዳሚው ነው፤ የጀርመኑ በ1874፣ የአሜሪካው በ1881፣ የእንግሊዙ በ1886 ተከተሉ። የአሜሪካው ተቋም መደበኛ አባልነት በዋናነት በአሜሪካና በካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች የተመዘገቡትን የሚመለከት ነው። የፈረንሳዩ ግን በዶክትሬት ጥናት ላይ ላሉ ተማሪዎች አቴና የሚቆዩበት የአጭር ጊዜ ድጋፍ ይሰጣል፤ በፈረንሳይኛ የተማረ ጅቡቲያዊ በቋንቋ በኩል ከኢትዮጵያዊው ይልቅ ለዚህ የቀረበ ነው። እንቅፋቱ ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ድጋፉ የሚፈለገው ግሪክኛ የሚያነብ ሰው ነው፤ ግሪክኛ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ደግሞ እዚህ የለም። በ2006 የተቋቋመው የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲም ተማሪውን እስከ መጀመሪያ ዲግሪ ሲያደርሰው፣ ፓሪስ ያለ እኩያው በሊሴ ግሪክኛ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

በመመዘኛው ላይ ፍርድ መስጠት ይገባል። ግሪክኛ የሚጠይቅ ትምህርት ግሪክኛ ቢጠይቅ አግባብ ነው። አግባብ ያልሆነው ሌላ ቋንቋ ሁሉ ዜሮ መቆጠሩ ነው። ቅኔ ቤት ዓመታት የቆየ፣ ግሥ የሚያወርድ፣ አንድምታ የሚያውቅ የግእዝ ተማሪ የሞተ ቋንቋን ሰዋስው በቃል የመያዝ ልምድ አለው፤ ያውም ከግሪክኛ የተተረጎሙ መጻሕፍትን እያነበበ። የመጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ቅጂ በእጁ ነው፤ ፊሳልጎስና ሄርማም እንዲሁ። አፋርኛና ሶማሊኛ የሚናገረው የካርቲየ 4 ተማሪ በበኩሉ በአዱሊስ ዝርዝር ውስጥ ያሉትን የሕዝብ ስሞች ለመመርመር ከአቴና ተመራቂ የተሻለ መነሻ አለው። ለሁለቱም የሚጎድላቸው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት የቋንቋ ትምህርት ነው፤ የነፃ ትምህርት ዕድሎች በብዛት የማይከፍሉትም ይህንኑ ዓመት ነው። ለዲግሪው ይከፈላል፣ ለቁፋሮው ይከፈላል፤ ፊደል ለመቁጠር አይከፈልም።

በአሁኑ ጊዜ ክፍተቱን በከፊል የሚሞላው ከግሪክ ጥናት ሳይሆን ከኢትዮጵያ ጥናት የሚመጣ ገንዘብ ነው። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ባለው የሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያ ጥናት ማእከል በአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ድጋፍ የተካሄዱት ሥራዎች፣ ከ2016 ጀምሮም በሃምቡርግ የሳይንስ አካዳሚ ለ25 ዓመት የታቀደው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ፕሮጀክት፣ ግእዝን ከግሪክኛ ምንጩ ጋር ያነባሉ። ከትግራይ የተገኘውና በጥንት ዘመን ከግሪክኛ የተተረጎሙ የቀኖናና የታሪክ ጽሑፎችን የያዘው፣ ተመራማሪዎች «የአክሱም ስብስብ» የሚሉት ብራና፣ እዚያ በአሌሳንድሮ ባውዚ እጅ ተጠንቷል። በውስጡ ያሉ አንዳንድ ጽሑፎች በግሪክኛ ጠፍተዋል፤ ስለ እስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን የሚናገር ታሪክ ከእነዚህ አንዱ ነው። በእንዲህ ያለ ፕሮጀክት ተማሪው እንደ ተቀጣሪ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ጊዜው ሲያበቃ ክፍያውም ያበቃል። የሚያጠናውም ብራናን እንጂ የባሕር ዳርቻን አይደለም።

ስለዚህ ራስ ሲያን ከሁለቱም መንገዶች ውጭ ቀርቷል። የግእዙ መንገድ በደጋው ገዳማት ያልፋል፤ የአቴናው መንገድ በኤጌ ባሕር ይቆማል። የጅቡቲ የጥናትና ምርምር ማእከል የአገሪቱን ቋንቋዎች የሚያጠና ክፍል አለው፤ ዴይሬ የሚለው ስም የአፋርኛ ወይም የሌላ አካባቢያዊ ስም በግሪክ ጆሮ ተሰምቶ «አንገት» ተብሎ የተተረጎመ እንደሆነ፣ ወይስ መርከበኞች የምድሩን ቅርጽ አይተው ራሳቸው ያወጡት፣ ይህን ለመመርመር ስትራቦንን በግሪክኛ፣ የዳርቻውን የቦታ ስሞች ደግሞ በአፋርኛ የሚያነብ አንድ ሰው ይበቃል። የዚያ ሰው የመጀመሪያ ዓመት ወጪ የአንድ መምህር ደመወዝና የአንድ መደርደሪያ መጽሐፍ ነው።