ሰሜን ተራራ ላይ እስከ ጉልበት የደረሰው በረዶ

ድሬዳዋ፣ ታይዋን፣ አንድ የሞባይል ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ። ሙቀቱ ናላ ያዞራል። ሻጩ ስልኩን ወደ እኔ አዞረና «አቦ፣ ይሄን እየው! ኢትዮጵያ ውስጥ ስኖው ዘነበ!» አለኝ። ቪዲዮው ላይ የአንድ ደጋ ከተማ መንገድ ነጭ ሆኗል፤ ልጆች እየዘገኑ ይወራወራሉ። ከሥሩ «በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ» ተብሎ ተጽፏል።

እኔን ያስቸገረችኝ «ለመጀመሪያ ጊዜ» የምትለዋ ናት። የሀገራችን የበረዶ ወሬ እኮ ድንጋይ ላይ ከተቀረጸ ከ1,500 ዓመት በላይ ሆኖታል! ቦታው በቀይ ባሕር ዳርቻ የነበረው የአዱሊስ ወደብ ነው። እዚያ በነበረ የእምነበረድ ዙፋን ላይ አንድ የአክሱም ንጉሥ ዘመቻዎቹን በግሪክኛ አስጽፎ ነበር። መጀመሪያው ስለጠፋ የንጉሡን ስም አናውቅም፤ ብዙ ምሁራን ግን ወደ 3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስጠጉታል። ንጉሡ ወንዝ ተሻግሮ ሰሜን ተራሮች ላይ እንደዘመተ፣ እዚያም ወታደር እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንዳለ ይናገራል።

ዙፋኑ ዛሬ የለም። ጽሑፉ የተረፈው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ ስለገለበጠው ነው። ያስገለበጡትም ዐፄ ካሌብ ነበሩ፤ ባሕር ተሻግረው ሊዘምቱ ሲዘጋጁ ግልባጩን ከአዱሊስ ገዥ ጠየቁ።

«ታዲያ ያ ተራ የክረምት በረዶ ቢሆንስ?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛ ቆርቆሮ የሚደበድበውንም፣ እንደ ጥጥ ብን እያለ የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የረጋውንም «በረዶ» ነው የምንለው። ለጥጥ መሳዩ «አመዳይ» የሚል ቃል ቢኖረንም ገበያ ላይ ማንም አይጠራውም። ግሪክኛ ግን ሁለቱን ለይቶ ይጠራል፤ የአዱሊሱ ጽሑፍ የተጠቀመውም የአመዳዩን ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ቀጠለ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ በሰሜን ተራሮች በረዶ እንዳለ መሰከረ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያለፈው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ግን እኔ አላየሁም አለ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1810 ነጭ የለበሱትን ጫፎች አየና ምክንያቱን ነገረን፦ ብሩስ ከተራራው ግርጌ አልፎ አልወጣም! (ኪሊማንጃሮም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል፤ ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ሬብማን እ.ኤ.አ. በ1848 ነጩን ጫፍ አይቶ ሲጽፍ፣ ለንደን ቁጭ ያሉ ሊቃውንት ለዓመታት አላመኑትም።)

ሳይንሱ ቀላል ነው። በአማካይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ ከ20 ዲግሪ ይበልጣል። ስለዚህ ሌሊት ጫፉ ላይ ዜሮ መድረስ ብርቅ አይደለም፤ አመዳዩም ሳይቀልጥ መሬት ይደርሳል። በጥንቱ የበረዶ ዘመንማ ጉዳዩ ሌላ ነበር። ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት የባሌ ተራሮች አናት ላይ ግግር በረዶ ተኝቶ ነበር፤ ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ግግር በረዶ የለም።

የቪዲዮው በረዶ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ነጎድጓዳማ ደመና ውስጥ ኃይለኛ ነፋስ የውኃ ጠብታን ወደ ላይ እያነሳ ያረጋዋል፤ እንክብሉ ከብዶ ነፋሱ መሸከም ሲያቅተው ይወርዳል። ፍጥነቱ ከፍተኛ ስለሆነ ሞቃት አየር ውስጥ አልፎም ሳያልቅ መሬት ሊደርስ ይችላል። አመዳይ ግን ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚያርፈው።

«እስቲ ድምፁን ክፈተው» አልኩት ሻጩን። ከፈተው። ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ ሰው ይጮኻል፣ የሆነ ቦታ መስታወት ይሰበራል።

«አሃ» አለና ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።